ቤት ሆኖ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቶ መሸጥ፣ የቤቱንም ብር ሳይበተን መያዝ (ከአዳማ)

ሰላም እህቶቼ፣ የምታነቡ ወንድሞችም ካላቹ ሰላም። ሰሞኑን በየቀኑ ማለት ይቻላል አንድ ሰው "ቤት ሆኜ ምን ልስራ፣ ኑሮው አልቻልኩትም" ብሎ ይጠይቀኛል፣ ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ የማውቀውን በሙሉ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። የምኖረው አዳማ ነው፣ ሶስት ልጆች አሉኝ፣ ትንሿ ገና ሁለት አመቷ ስለሆነ ውጪ ወጥቼ ልቀጠር ብል የሞግዚቷ ደሞዝ የኔን ደሞዝ ይበላዋል። ባለቤቴ ግንባታ ላይ ነው የሚሰራው፣ የነበረበት ፕሮጀክት ሲቆም ለወራት እቤት ተቀመጠ፣ ከሱ ሳናገግም ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለና ዘይቱም፣ የልጆች ወተቱም፣ ሳሙናውም በየሳምንቱ ሌላ ዋጋ ይጠራበት ጀመር። እዛ ጭንቀት ውስጥ ሆኜ ነው በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ መሸጥ የጀመርኩት፣ ዛሬ የቤታችንን አስቤዛ የሚሸፍነው እሱ ነው። የተሳሳትኩትንም የተሳካልኝንም ሳልደብቅ እነግራቹሃለሁ።

ከስራው በፊት ብሩ

ብዙ ሰው ቶሎ ስራው ላይ መዝለል ይፈልጋል፣ እኔም እንደዛ ነበር ያደረኩት። የመጀመሪያውን 10 ኪሎ በርበሬ በሁለት ሳምንት ሸጥኩት፣ ለጎረቤት፣ ለባለቤቴ የስራ ባልደረቦች፣ ለቤተክርስቲያን ጓደኞቼ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከዛ ሁለተኛውን ዛላ ልገዛ ቦርሳዬን ስከፍት 1,100 ብር ብቻ ነው ያለው። አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ እየደጋገምኩ ቆጠርኩት፣ ማንም አልሰረቀኝም። ስኳር ገዝቻለሁ፣ የዕድር ከፍያለሁ፣ የትልቁ ልጄ ጫማ ተቀዶ ነበር እሱን ገዝቻለሁ፣ ሶስት ቀን የባጃጅ ሰጥቻለሁ፣ አንዱም ያለአግባብ የወጣ አይደለም፣ ግን መነሻ ብሬ አለቀ። ያን ቀን የገባኝ ነገር እስካሁን ስራዬን ደግፎ የያዘው ነው፦ የስራ ብር እና የቤት ብር አንድ ቦርሳ ውስጥ ካደሩ ሁሌም የሚያሸንፈው ቤቱ ነው፣ ምክንያቱም ቤት ሁሌም ይርበዋል።

ስለዚ አሁን የማደርገው እንዲ ነው። የስራው ብር የሚገባው ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ነው፣ ጣሳው ቁም ሳጥን ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ልጆቼም ባለቤቴም የስራ መሆኑን ያውቃሉ። በስልክ የሚከፍሉኝ ደግሞ ቴሌብር ላይ ብቻ ነው የሚያስገቡልኝ፣ የቤት ብር በባንክ አካውንት ነው። የሸጥኩት ሙሉውን እዛ ይገባል፣ ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብዬ ለሚቀጥለው ዛላና ቅመም የሚያስፈልገውን አስቀርቼ ከትርፉ ለራሴ "ደሞዝ" እሰጣለሁ፣ ወደ ቤቱ የሚሄደው ያ ብቻ ነው። ሳምንቱ መሀል ላይ ጨው ቢያልቅ እንኳን ከጣሳው አልነካም። የግድ ከሆነብኝ ጣሳው ውስጥ ባለች ወረቀት ላይ "ቤት 200 ተበደረ" ብዬ ጽፌ ነው የማወጣው፣ ቅዳሜ ከደሞዜ ይቀነሳል። ይሄ ነገር ቀላል ይመስላል ግን ሳያደርጉት የጀመሩ ሰዎች ሲያቆሙ ብዙ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ነገር ደብተር ነው። አንድ ወር ሙሉ ከቤት የወጣችውን እያንዳንዷን ብር ጻፉ፣ የ10 ብር ማስቲካም ብትሆን። ምንም ነገር ለመቀነስ አትሞክሩ፣ ዝም ብላቹ ጻፉ። እኔ ስጽፍ ያየሁት ነገር አስደንግጦኛል። ቤት ኪራይና ትምህርት ቤት ነው የሚጎዳን ብዬ ነበር የማስበው፣ ለካ የሚጎዳን በችርቻሮ መግዛታችን ነው። ዘይት በግማሽ ሊትር፣ ስኳር በሩብ ኪሎ፣ ከሰል በትንሿ ፌስታል፣ ሽንኩርት በመደብ። እጃችን ላይ ብር ስለሌለ በትንሽ በትንሹ እንገዛለን፣ በትንሽ ስለምንገዛ ደግሞ ከሁሉም ሰው በላይ በውድ እንገዛለን። ከዚ ለመውጣት ብቻዬን አቅም አልነበረኝም፣ ከግቢያችን ሶስት ቤት ጋር ተነጋገርንና አንድ ኩንታል ጤፍ ለአራት ገዝተን 25፣ 25 ኪሎ ተካፈልን፣ ሚዛኑን እኔ አቀረብኩ። ሽንኩርት ደግሞ ከመቂና ከቆቃ በኩል የሚመጣው ብዙ ስለሆነ በጆንያ ገዝቶ መከፋፈል ይቻላል፣ ቲማቲም ግን አትሞክሩት፣ በአዳማ ሙቀት በሶስት ቀን ውሀ ይሆናል። የእሁድ ገበያ ወይ የሸማቾች ሱቅ ቅርባቹ ካለ ዋጋ ሳታነጻጽሩ ሰፈር ሱቅ አትሂዱ።

መብራት ላይ ትንሽ ልበል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ አንድ ሰአት ሙሉ ከሰራ ሶስት ኪሎዋት ሰአት ተኩል ማለት ነው፣ የመብራት ሂሳብ ደግሞ ብዙ በተጠቀማቹ ቁጥር ዋጋው ወደ ከፍተኛው እርከን እየወጣ ነው የሚሄደው። በየሁለት ቀኑ ከመጋገር በሳምንት ሁለቴ በአንዴ ብዙ መጋገር ይሻላል፣ ምጣዱ እስኪግል የሚፈጀው መብራት ሁሌም አንድ ነው፣ ለ5 እንጀራም ለ25 እንጀራም። ከጎረቤት ጋር ተራ ይዞ በጋለው ምጣድ ላይ መቀጠልም ይቻላል፣ እኛ እንደዛ እናደርጋለን።

ከባለቤታቹ ጋር ደብተሩን አብራቹ እዩት። እኔ መጀመሪያ ደብቄው ነበር፣ ስራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ወጪ ሲቆጠርበት ይከፋዋል ብዬ። አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አሳየሁት፣ ለረጅም ሰአት ዝም ብሎ አየውና "የኔን ካርድ ከዚ አውጪው" አለኝ፣ በነጋታው ደግሞ ዛላውን ከገበያ ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው። ሰው ቁጥሩን ሲያየው ነገሩ የሁለታቹ ይሆናል።

ምን ልስራ ለሚለው

እዚ ላይ ብዙ አልናገርም፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሰው እጁ የሚያውቀው ነገር አለው። ሹሩባ የምትሰሩ አላቹ፣ ልብስ ስፌት የምትችሉ አላቹ፣ ተማሪ ማስጠናት የምትችሉ አላቹ፣ ስራ የሚውሉ እናቶችን ልጅ በቀን መጠበቅም ጥሩ ስራ ነው፣ ቤታቹ ከሆነ የራሳቹንም ልጅ አብራቹ ትይዛላቹ። የኔ መለኪያ ሶስት ጥያቄ ነው፦ ሰዎች ሳትጠይቋቸው "እንዴት ነው የምትሰሪው" ብለው የጠየቋቹ ነገር ምንድን ነው፣ ሳይሸጥ ቢቀር ቤታቹ ሊጠቀምበት ይችላል ወይ፣ በመሀል ልጅ ቢያለቅስ ትቶ ተነስቶ መመለስ ይቻላል ወይ። በርበሬና ሽሮ ሶስቱንም አልፏል። እንጀራ ጥሩ ነው ግን በየቀኑ ነው፣ መብራት በጠፋ ቀን ደንበኛ ይቀየማል፣ ሊጥ ደግሞ እዚ ሙቀት ውስጥ ቶሎ ይኮመጥጣል። ሳምቡሳ በረመዳን በጣም ይሄዳል ግን የዛን ቀን መሸጥ አለበት።

በርበሬው ከዛላ እስከ ወፍጮ

ዛላ ስትገዙ እጃቹን ከጆንያው ታች ድረስ አስገቡ፣ ከላይ ያለው ሁሌም ያምራል። አንድ ዛላ አንስታቹ ጆሯቹ ጋር አስጠግታቹ ነቅንቁት፣ በደንብ የደረቀ ከሆነ ፍሬው ውስጡ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፣ ድምጽ ከሌለው እርጥበት አለው ማለት ነው፣ ውሀ በበርበሬ ዋጋ እየገዛቹ ነው። ከፍላቹም እዩት፣ ውስጡ ግራጫ ወይ ነጭ ሻጋታ ካለው አንድ ኪሎም እንዳትወስዱ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፣ ጉበት ነው የሚጎዳው፣ ብታምሱትም ብታፈሉትም አይጠፋም። ማረቆና አላባ በኩል የሚመጣውን ሰው ይወደዋል፣ አዲሱ ዛላ ከመኸር በኋላ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ሲገባ ዋጋው ረገብ ይላል፣ ክረምት ላይ ግን ይወደዳል፣ በዛ ላይ ማድረቂያ ፀሀይ የለም።

ከዛ መቀንጠስ ነው፣ ይሄ ነው ጊዜ የሚበላው። ጉንጉኑን (አረንጓዴውን ጭራ ማለቴ ነው) ማውጣት፣ የጠቆረውን መለየት፣ በቶሎ ውሀ ነክቶ አጥቦ ማስጣት። እዚ ጋር አንድ ነገር ደርሶብኛል። ሸራ ላይ ግቢ ውስጥ አስጥቼ ልጄን ላስተኛ ገባሁ፣ የአዳማን ንፋስ ታውቁታላቹ፣ ከተማው ዳር ያን ሁሉ የንፋስ ተርባይን የተከሉት አለምክንያት አይደለም፣ ስወጣ 10 ኪሎ በርበሬ ላይ አቧራ እንደ ዱቄት ተነፍቶበታል። ግማሹን እንደገና ማጠብ ነበረብኝ፣ አንድ ቀን ተኩል ጠፋብኝ። ከዛ ወዲህ ከላይ ቀጭን ሻሽ ሳልዘረጋበት፣ አራቱን ጥግ በድንጋይ ሳልይዘው አላሰጣም። ከንፋሱ በፊት ጠዋት ማስጣት፣ ከሰአት ንፋሱ ሲነሳ ማንሳት ደግሞ የበለጠ ይሻላል። ሙቀቱ ለኛ ስራ በረከት ነው፣ አዲስ አበባ ያለች እህቴ አራት ቀን የሚፈጅባት እዚ በሁለት ቀን ይደርቅልኛል።

በደንብ ሲደርቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ልጣችሁ በደንብ ትወቅጣላቹ፣ በሶብላና ጤና አዳም ትጨምራላቹ፣ በርበሬውን ደቆስ ደቆስ አድርጋቹ ከዚ ጋር ትደልዙታላቹ፣ ከዛ አፍናቹ ታሳድሩታላቹ። ጠዋት ስትከፍቱት ግቢው በሙሉ ይሸታል፣ እኔ ጋር ጎረቤቶች ማዘዝ የሚጀምሩት በዛች ሰአት ነው። ከዛ እንደገና ፀሀይ ላይ፣ በእጅ ሲጨብጡት እስኪንኮታኮት ድረስ። ይሄኛውን ማድረቅ አትቸኩሉበት፣ ሽንኩርቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው በኋላ በርበሬ የሚያሻግተው። ቅመሙን (ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ ትንሽ አብሽ፣ ከፈለጋቹ ቅርንፉድና ጥምዝ) እያንዳንዱን ለየብቻ ለስለስ ባለ እሳት አምሱት፣ ሁሉንም አንድ ላይ ካመሳቹት ትንንሹ ያርራል ትልልቁ ጥሬ ይሆናል። ጨውም ታምሶ ነው የሚገባው።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከናንተ በፊት የተፈጨው በርበሬ መሆኑን አረጋግጡ፣ ምን አይነት በርበሬ እንደነበረም ጠይቁ፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ትንሽ ለብቻ ያዙት የሌላ ሰው ቅሪት አለበትና። እዛው ቁሙ፣ ጥላቹ አትሂዱ። ትንንሽ ልጅ ይዛቹ አትግቡ፣ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ቤት ውስጥ ካለ ስትቀነጥሱም ሆነ ስትደልዙ ውጪ አድርጉት፣ አፍና አፍንጫቹን ሸፍኑ፣ እጃቹ ላይ ቀጭን ፌስታል ወይ ጓንት አድርጉ። እኔ ባዶ እጄን ደልዤ ማታ ልጄን ሳጠባ ያለቀሰችውን ለቅሶ አልረሳውም።

ሽሮው ከዚ ይቀላል። አተሩን ወይ ሽምብራውን ለቅማቹ፣ ለስላሳ እሳት ላይ ቆልታቹ፣ ከክታቹ፣ ገለባውን ነፍታቹ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን አድርቃቹ ከቅመሙ ጋር ቀላቅላቹ ማስፈጨት ነው። ምጥን ከሆነ በርበሬ ይጨመርበታል፣ ነጭ ሽሮ ከሆነ አይጨመርም። በደንብ ያልተቆላ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ያረረ ደግሞ ይመራል፣ ስለዚ ሙሉውን ከማስፈጨታቹ በፊት አንድ ስኒ በሙቀጫ አድቅቃቹ ሰርታቹ ቅመሱት። አዳማ ላይ ሽሮ ቶሎ ይነቅዛል፣ ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፣ በአንዴ የሁለት ወር ሽያጭ አታስፈጩ።

ዋጋ ማውጣት

አብዛኞቻችን የምንከስረው እዚ ነው። ቁጥሩ ለሒሳቡ እንዲመች ያመጣሁት ነው፣ የዛሬውን ዋጋ ራሳቹ ከገበያ አስገቡበት። 10 ኪሎ ዛላ በ500 ብር 5,000 ይሆናል እንበል፣ ሽንኩርትና ዝንጅብል 900፣ ቅመማ ቅመምና ጨው 1,600፣ ወፍጮ 200፣ ባጃጅና ተሸካሚ 200፣ ማሸጊያ 100። ድምሩ 8,000 ነው። ጉንጉኑና የተበላሸው ይወጣል፣ ቅመሙ ይገባል፣ ከወፍጮ ሲወጣ ስትመዝኑት ደግሞ 10 ኪሎ ሆነ እንበል (ሁሌም ከወፍጮ በኋላ መዝኑ፣ በግምት አትሂዱ)። አንድ ኪሎ 800 ብር ወጣበት ማለት ነው። ብዙ ሴቶች ዛላው 500 ነው እያሉ አስበው 820 ሲሸጡት ያተረፉ ይመስላቸዋል፣ 20 ብር ነው ያገኙት፣ የሶስት አራት ቀን የወገብ ድካም ለ200 ብር። የድካማቹን ዋጋ እንደ ቅመም ቁጠሩት። ሌላ ሰው ቀጥራቹ ቢሆን በቀን ስንት ትከፍሏት ነበር፣ ያንን ጨምሩበት። በዚ ምሳሌ ለድካም 1,500 ካስገባቹ ወጪው 950 ይሆናል፣ ከዛ በላይ ያለው ነው ትርፍ፣ ጣሳውን የሚያሳድገው እሱ ነው።

"ሱቅ ላይ እኮ ርካሽ ነው" የሚል ደንበኛ ይመጣል። አትከራከሩት፣ ዋጋም አትቀንሱ። ሰው ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ስለሚሸጥ ፈርቷል፣ ሸክላ ፈጭተው ይጨምራሉ ሲባል ሁሉም ሰምቷል። ስለዚ ከበርበሬው ጋር የምትሸጡት እምነትን ነው። እኔ ዛላውን ስቀነጥስ፣ ስደልዝ፣ ወፍጮ ቤት ቆሜ ሲፈጭ በስልኬ ቪዲዮ አነሳና ቴሌግራም ቻናሌ ላይ እለቃለሁ፣ ፊቴ እንኳን አይታይም እጄ ብቻ ነው። ደንበኛዬ ከዛ በኋላ ስለ ዋጋ አይጠይቀኝም፣ "መቼ ይደርሳል" ነው የሚለኝ። ለአዲስ ሰው ደግሞ ሩብ ኪሎ እሸጣለሁ፣ ካልወደደው ብሩን እመልሳለሁ።

ዱቤ

ይሄን ስጽፍ ትንሽ ይከብደኛል ምክንያቱም ጎረቤት ነው፣ ዝምድና ነው። አንድ ምግብ ቤት 5 ኪሎ ወስዶ "አርብ እከፍላለሁ" አለኝ፣ አርብ ስሄድ ባለቤቱ የለም፣ ማክሰኞ ስሄድ ሂሳብ ያዡ የለም፣ ልጄን አዝዬ በፀሀይ ስድስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ መጨረሻ ላይ ግማሹን ብቻ ሰጡኝ። የዛን ወር ዛላ ሳልገዛ አለፈ። አሁን ህጌ እንዲ ነው፦ የማውቀው ሰው ግማሹን ቀድሞ ይከፍላል፣ ቀሪውን በደብተር ላይ ጽፎ ይፈርማል፣ የድሮው ሳይከፈል አዲስ አይወጣም፣ ለምግብ ቤትና ለሱቅ ደግሞ በእጅ ካልሆነ አልሰጥም። "እትዬ ይሄ ብር እኮ የኔ አይደለም የዛላው ነው" እላለሁ ለትልልቆቹ፣ ደግሞም እውነቴን ነው፣ ማንም አልተቀየመኝም።

የቸገረው ሰው ሲመጣ ግን ዱቤ አልልም። አራስ ጎረቤት አለች፣ ባሏ ደሞዝ ያልተከፈለው፣ ግማሽ ኪሎ ሽሮ ወስጄ ሰጠኋት፣ ግን ዋጋውን ከቤት ብር አውጥቼ ጣሳው ውስጥ ከትቻለሁ። ስጦታ ከሆነ ስጦታ ይባል፣ ከኔ ኪስ ይውጣ፣ ስራው አይሸከመው።

መሸጥና መቀበል

ደንበኛ በጊዜው ነው የሚመጣው፣ የጾምና የበዓል ቀኑን ቀድማቹ ያዙ። በሁዳዴ 55 ቀን፣ በፍልሰታ 15 ቀን፣ ረቡዕና አርብ ሽሮ ነው የሚሄደው፣ እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ሲቀርብ ለዶሮ ወጥ በርበሬ፣ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ዝግጁ ካልሆነ ሰው ከሌላ ይገዛል። በ2017ም በ2018ም ሁዳዴና ረመዳን ተደራርበው ነው የመጡት፣ እዚ አዳማ ደግሞ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ እኔ ሽሮ ስሸጥ የግቢያችን እህት ሳምቡሳ እየሸጠች አንዷ የአንዷን ደንበኛ ስንልክ ነበር፣ ልጆቻችንንም ተራ በተራ እየያዝን።

ከአዲስ አበባ የሚያዝ ሰው ካለ መቶ ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ መናኸሪያ ሄዶ በመኪና መላክ ይቻላል፣ ግን ብሩ ሳይገባ እንዳትልኩ። ብር ገባ ለማለት ደግሞ የደንበኛውን ስልክ ስክሪን አትመኑ፣ የተላከላቹንም ሜሴጅ ብቻ አትመኑ፣ የቴሌብር መልዕክት ከ127 ነው የሚመጣው፣ ከሌላ የግል ቁጥር "ብር ገብቶልዎታል" ካለ ሀሰት ነው። ራሳቹ አፑን ከፍታቹ ወይ *127# ደውላቹ ሂሳባቹን አይታቹ እቃውን ስጡ። ሚስጥር ቁጥራቹን ለማንም፣ "ከቴሌ ነው የምደውለው" ለሚልም ሰው አትንገሩ።

"ቤት ሆነው በስልክ ብቻ በቀን ይሄን ያህል ያግኙ" የሚል ቴሌግራም ላይ የሚዞር ነገር አለ፣ ቪዲዮ ላይክ አድርጉ እንከፍላለን ይላሉ፣ መጀመሪያ ትንሽ ይከፍላሉ፣ ከዛ "ደረጃ ለማሳደግ" አስገቡ ይላሉ፣ ሰው ጋብዙ ይላሉ። የማውቃት ሴት የዕቁብ ብሯን በሙሉ እዛ አስገብታ አጥታለች፣ ለባሏ እስካሁን አልነገረችውም። ስራ የሚሰጥ ሰው ብር ይከፍላቹሃል እንጂ ብር አይቀበላቹም።

መነሻ ብር

በ2 ኪሎ ዛላ ጀምሩ፣ ብድር ሳትገቡ። ሁለት ሶስት ዙር ጣሳው ራሱን ከቻለ በኋላ ነው ማሳደግ። ከቴሌብር የሚገኘው እንደኪሴና መላ የሚባለው ብድር ለስራው በቀን የሚታወቅ ገቢ ካላቹ ይጠቅማል፣ ለአስቤዛ ግን አትበደሩ፣ የተበላ ነገር ብድር አይከፍልም። ተደራጅታቹ መበደር ለምትፈልጉ ሲንቄ ባንክ፣ የድሮው ኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ማለት ነው፣ ሄዳቹ ጠይቁ፣ ወረዳ ላይም የስራ እድል ፈጠራ ቢሮ አለ። ለጎረቤት ከመሸጥ አልፋቹ ሱቅና ሱፐርማርኬት ማስገባት ስትፈልጉ ቲን ነምበር፣ ንግድ ፈቃድና የምርት ጥራት ማረጋገጫ ይጠየቃል፣ እሱን ቀድማቹ ወረዳ ንግድ ቢሮ ሄዳቹ አጣሩ።

እኔ ከሁሉም የጠቀመኝ ዕቁብ ነው። 20 ሰው ነን፣ በሳምንት 500፣ ዕጣው 10,000 ነው። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያለወለድ የተበደረ ነው፣ መጨረሻ የደረሰው የቆጠበ ነው፣ እኔ መሀሉን ነው የምፈልገው። ሰብሳቢያችንን ለምኜ ዕጣዬን ታህሳስ ላይ እንዲያደርግልኝ ተስማምተናል፣ አንዷ እህት ለልጇ ትምህርት ቤት መስከረም ላይ ፈልጋው ስለነበር ተቀያየርን። የዕቁቡ 500 ከጣሳው ነው የሚወጣው፣ ከቤት አይደለም። ታህሳስ ዕጣው ሲወጣ ዛላው አዲስ ገብቶ ዋጋው ረገብ ባለበት ሰአት እንገናኛለን፣ 20 ኪሎ በአንዴ ገዝቼ ከበጋው ፀሀይ ጋር አደርቀውና ለፋሲካ የሚሆነውን አስቀምጣለሁ። ባለቤቴም አዲስ ስራ ጀምሯል፣ ቅዳሜ ከሰአት ስለማይሰራ ሸራውን የሚዘረጋውና ሻሹን በድንጋይ የሚይዘው እሱ ነው።